አሥራ አራት ሚሊሜትር

እኔ ሰው የማውቀው በሆዱ ነው። ፊት ይጠፋብኛል፣ ስም ይጠፋብኛል፤ አንድ ጊዜ ያነበብኩት ጉበት ግን ከዓመታት በኋላ ቢመጣብኝም አይጠፋብኝም። ባለቤቴ መንገድ ላይ ሰው ሰላም ሳልል ባለፍኩ ቁጥር «ሲቲ ስካንህን ካላሳየኸው አያውቅህም፣ ይቅር በለው» እያለች ታስታርቀኛለች። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ መጋረጃው በተዘጋ ክፍል ውስጥ፣ ከሦስት ስክሪኖች ፊት ለፊት፣ አንድ ክንዱ በተሰበረ ወንበር ላይ ተቀምጬ የሰው ሆድ ሳነብ ኖሬአለሁ። ሆስፒታሉ ውስጥ «ንስሩ» ይሉኛል። ስሙን ማን እንዳወጣልኝ አላውቅም፤ እንደወደድኩት ግን ሁሉም ያውቃል። ዛሬ በዚያ ስም ስጠራ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጣለሁ።

ነገሩ የተጀመረው «ሙሽራዋ» ስትመጣ ነው። ሙሽራዋ ሰው አይደለችም፤ የሆድ ዕቃ ምስል የምታነብ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ናት። ጉበቱን፣ ቆሽቱን፣ ኩላሊቱን፣ ጣፊያውን እያንዳንዱን በቀለም ትለያለች፤ ዕጢ የጠረጠረችበት ቦታ ላይ ቢጫ ክብ ታደርጋለች፤ ካልጠረጠረች ደግሞ «ምንም አልተገኘም» ብላ ትጽፋለች። በመጣች ሰሞን አለቃው ሳይቀር፣ ነርሱም ሐኪሙም እሷን ለማየት ክፍላችን ድረስ ይጎርፍ ስለነበር ነው ሙሽራ የተባለችው። እኔ ጠዋት ማታ እንከን ስፈልግባት ስለምውል «አማቷ» ተባልኩ። አልከፋኝም። አማትነትም ማዕረግ ነው።

እሷን በተመለከተ አንድ ደንብ እንዲጻፍ ያስገደድኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ሐኪሙ በራሱ ዓይን ያነብባል፣ ያየውንም ይጽፋል። ከዚያ በኋላ ነው ቁልፉን ተጭኖ የሙሽራዋን ክብ የሚያየው። ካልተስማሙ የሐኪሙ ቃል ይጸናል። «ሰው ይቅደም!» ብዬ ስብሰባ ላይ ጠረጴዛ መትቻለሁ። ፕሮግራሙን የምትከታተለው ኢንጂነር፣ ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላት ልጅ፣ ደንቡን ያለ ክርክር ተቀበለች። የጨመረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሐኪሙና ሙሽራዋ ያልተስማሙበትን እያንዳንዱን ምስል በሰንጠረዥ እየያዘች፣ ማን ትክክል እንደነበረ ሰኞ ሰኞ በስብሰባ ታቀርባለች።

የመጀመሪያዎቹን ወራት ድሉ የእኔ ነበር። ሙሽራዋ የሐሞት ከረጢት እጥፋት ላይ ክብ ስታደርግ፣ ምግብ የሞላውን አንጀት ዕጢ ስትል፣ እኔ «አይደለም» እላለሁ፤ ሰኞ ሰንጠረዡ ይነበባል፤ አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል። ኢንጂነሯ አንገቷን ደፍታ ማስታወሻ ስትይዝ አንድ ቀን እንኳ «በርቺ» አላልኳትም።

በኋላ አንዲት ሴት መጣች፤ የሦስት ልጆች እናት። ጉበቷ ላይ ነጥብ አየሁ። ሙሽራዋ ዝም አለች፣ እኔ «ተከፍቶ ይታይ» ብዬ ጻፍኩ፣ ተከፈተ። ነጥቡ ስብ ሆኖ ተገኘ፤ ብዙ ሰው ጉበት ላይ የሚኖር፣ ምንም የማያደርግ ስብ። ሰኞ ስብሰባው ላይ ቀዶ ሐኪሙ፣ ከእኔ ጋር የተማረ አብሮ አደጌ፣ «ንስሩ ሰሞኑን ጥላ እያደነ ነው» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ኢንጂነሯ አልሳቀችም፤ ሰንጠረዡን ብቻ አነበበች። «ፕሮግራሙ፣ ምንም አልተገኘም። ትክክል።» ያን ጊዜ ማፈር የነበረብኝ በሴትዮዋ ሆድ ላይ በከንቱ በቀረው ጠባሳ ነበር። እኔ ያፈርኩት በሳቁ ነው። የዚህን ልዩነት የተረዳሁት ብዙ ቆይቶ ነው።

ጋሽ ጨለማ የመጡት ከዚያ በሦስተኛው ሳምንት ነው። ጋሽ ጨለማ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አርባ ዓመት የራጅ ፊልም ያጠቡ ሰው ናቸው። ራጅ በፊልም በሚነሳበት ዘመን፣ ደብዛዛ ቀይ አምፖል ብቻ በሚበራበት ጨለማ ክፍል ውስጥ ፊልሙን ከአንዱ ገንዳ ወደ ሌላው ሲያገላብጡ ስለኖሩ ነው ስሙ የወጣላቸው። እሳቸውም ስልክ ሲያነሱ «ጨለማ ነኝ» ነበር የሚሉት። እኔ ተማሪ ሆኜ ስመጣ ፊልም ማየት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ከደረት ኪሳቸው የማትጠፋ አጭር የፕላስቲክ ማስመሪያ ነበረቻቸው። «ዓይን ያባብላል ልጄ፤ ያየኸውን መጀመሪያ ለካው» ይሉኝ ነበር። «የለካኸው ነገር ኋላ አላየሁህም ብትለው እሺ አይልህም።» አንድ ቀን ያላየሁትን የኩላሊት ጠጠር ፊልሙ ላይ በሰም እርሳስ ትንሽ መስመር አስምረውበት፣ ፕሮፌሰሩ ከመግባታቸው በፊት በዝምታ ፊቴ አስቀመጡልኝ። ለማንም አልተናገሩም። ፕሮፌሰሩ ያን ቀን አመሰገኑኝ፤ እኔም ምስጋናውን ተቀበልኩ።

እንግዲህ ጋሽ ጨለማ ጀርባቸውን እያመማቸው፣ ቀበቷቸው ሁለት ቀዳዳ ገብቶ መጡ። «ፎቶዬን ከእሱ በቀር ማንም እንዳያነብብኝ» ብለው መዝገብ ቤት ያለችውን ልጅ አስጠንቅቀዋት ነበር። ምስላቸውን ከፈትኩ፣ ከላይ እስከ ታች ወረድኩ። የቆሽታቸው ጅራት ላይ፣ ከጣፊያው አጠገብ፣ ከአካባቢዋ ትንሽ ጠቆር ያለች ነገር አየሁ። ከጫፍ እስከ ጫፏ መስመር አስምሬ ለካኋት፦ አሥራ አራት ሚሊሜትር። «በቆሽት ጅራት ላይ አጠራጣሪ ነገር ይታያል፤ በአስቸኳይ ተጨማሪ ምርመራ ይደረግ» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ደንቡ እንደሚለው ቁልፉን ተጫንኩ።

ሙሽራዋ ቆሽቱን ቀለም ቀብታ አመጣችልኝ። ክብ የለም። «ምንም አልተገኘም።»

እጄ ኪቦርዱ ላይ ቀረ። ሰኞ ይኼ ሰንጠረዥ ውስጥ ይገባል። ቀዶ ሐኪሙ «ደሞ የምን ጥላ ነው?» ሲል ሰማሁት፤ ሰውየው በሌለበት ሰማሁት። ምስሉን መልሼ አየሁ። እዚያ ቦታ አንጀት ቅርብ ነው፤ ከምርመራው በፊት የሚጠጣው መድኃኒት ያልሞላው የአንጀት እጥፋትም እንዲህ ሊመስል ይችላል። ሰው ራሱን ለማታለል ሲነሳ ዕውቀት አያንሰውም። ዓረፍተ ነገሩን ሰረዝኩ። «ከሦስት ወር በኋላ ይደገም» ብሎ መጻፍም ይቻል ነበር፤ እሱም አለመስማማት ተብሎ ይቆጠራልና ተውኩት። «የሆድ ዕቃ ጤናማ ነው» ብዬ ፈረምኩ።

ኮሪደሩ ላይ ኮታቸውን ጉልበታቸው ላይ አጥፈው ይጠብቁኝ ነበር። «ጋሼ፣ ሆድዎ የጎረምሳ ሆድ ነው» አልኳቸው። ሳቁ። ትከሻዬን ይዘው «ዓይንህን ይባርክልህ» ብለው መረቁኝ። ምስላቸው የተቀዳበትን ሲዲ ከመዝገብ ቤት ተቀብለው ሄዱ።

ከሰባት ወር በኋላ ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ ተመለሱ። አዲሱን ምስል ስከፍት ሙሽራዋን መጠየቅም አላስፈለገም፤ እሷም ክብ ማድረጊያ ቦታ እስኪያጥራት ድረስ ጉበቱን በክብ ሞላችው። ቆሽት ላይ የነበረችው ነገር አራት ሴንቲ ሜትር ሆናለች። ቀዶ ሐኪሙ ምስሉን አይቶ ራሱን ነቀነቀ፤ ለመቁረጥ ጊዜው አልፏል፣ ከሰባት ወር በፊት ቢሆን ኖሮ ተቆርጦ ይወጣ ነበር አለ። አለቃችን ያለፈው ምርመራ ሰኞ በስብሰባ እንዲታይ አዘዙ። ማን ምን እንዳየ፣ ማን ምን እንዳላየ ይጣራ ተባለ።

ስብሰባው ሳይደርስ፣ ዓርብ ከምሳ በፊት፣ በሬን ዘግቼ የድሮውን ምስል ከፈትኩ። ዓረፍተ ነገሩን አጥፍቻለሁ፤ የለካሁበትን መስመር ግን ረስቼዋለሁ። እዚያው ተቀምጧል። ነጭ፣ ቀጭን፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ትናንሽ መስቀል ያለበት፤ አጠገቡ አሥራ አራት ሚሊሜትር የሚል። ሰባት ወር ሙሉ ጋሽ ጨለማ ሆድ ላይ ተኝቶ ይጠብቀኝ ነበር። ያየ ሰው የለም፤ «ጤናማ» የተባለን ምስል ማን መልሶ ይከፍታል?

ያን ጊዜ ያደረግኩትን ስናገር ፊቴ ይነድዳል። መስመሩን መርጬ ማጥፊያውን ተጫንኩ። ኮምፒዩተሩ «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩ። ከዚያ ምሳ በላሁ።

ሰኞ ኢንጂነሯ ቆመች። ስህተቱ የፕሮግራሙ እንደሆነ፣ አንጀት አጠገብ ያሉ ትናንሽ ዕጢዎችን ለመለየት በቂ ምስል ሳታስተምረው እንደቀረች፣ ኃላፊነቱም የእሷ እንደሆነ ተናገረች። ቀዶ ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። ይቀልዳል ብዬ ጠበቅኩ፤ አልቀለደም። «ንስሩ ካላየው ማንም አያየውም ነበር» አለ። ሰዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። በሕይወቴ ተስቆብኝ ያውቃል፤ የትኛውም ሳቅ ግን እንደዚያ ደግ ቃል አላቃጠለኝም። አለቃችን ፕሮግራሙ እንዲቆም ወሰኑ፤ ኢንጂነሯም ለበሽተኛው ቤተሰብ የይቅርታ ደብዳቤ እንድታዘጋጅ ታዘዘች።

ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ደረሰችብኝ። ዓይኗ ቀልቷል። «ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች። «የእኔ ሰንጠረዥ ሐኪሞቹን አስፈርቶ ይሆን? እሱ ባይኖር ኖሮ ምስሉን ደግመው ያዩት ነበር?»

መልሱን ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። «አይዞሽ» አልኳት። ይህን ያህል ርካሽ አይዞሽ በአፌ ወጥቶ አያውቅም። እሷ ግን አመሰገነችኝ።

ጋሽ ጨለማ የተኙት ሦስተኛ ፎቅ ነው። አራት ቀን ሙሉ በእሳቸው በር ላለማለፍ ዕቃ በሚወጣበት በጓሮ ደረጃ ስመላለስ ሰነበትኩ። በአምስተኛው ቀን ነርሷ መጥታ ሽማግሌው እንደሚፈልጉኝ ነገረችኝ፤ «ሥራ በዝቶበት ነው እንጂ አይቀርም» እያሉ ለጎረቤት በሽተኛ ሁሉ ሲያስረዱልኝ መሰንበታቸውን ጨመረችልኝ።

አልጋቸው መስኮቱ ጥግ ነው። ልጃቸው፣ ትልቋ፣ አጠገባቸው ተቀምጣ ብርቱካን ትልጣለች። ከወንበሯ ተነስታ «ይቀመጡ ዶክተር» አለችኝ። እሳቸው ሻይ የፈላ እንደሆነ አይተሽ ነይ ብለው በቴርሞስ አሳብበው ላኳት። ከእኔ ጋር ብቻቸውን ሊሆኑ እንደፈለጉ ገባኝ። ፊታቸው ጠቁሯል፣ ጉንጫቸው ገብቷል፤ የፒጃማው ደረት ኪስ ውስጥ ማስመሪያዋ አለች።

እሳቸው ፎቅ እስክደርስ እውነቱን ልነግራቸው ነበር ያሰብኩት። አፌን ስከፍት የወጣው ሌላ ነው። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ማሽኑ ማየት የነበረበትን እንዳላየ፣ ስብሰባ ተደርጎ ጉዳዩ እንደተጣራ፣ ፕሮግራሙን የምትከታተለው ልጅም የይቅርታ ደብዳቤ እንደምትጽፍላቸው አወራሁላቸው። አንድም ቃል ሳያቋርጡ አዳመጡኝ። ስጨርስ በጣታቸው ከአልጋው አጠገብ ያለውን ሳጥን አሳዩኝ።

«ክፈታት» አሉ።

ከፈትኩ። ፎጣ፣ መነጽር፣ አንድ ሲዲ።

«ያን ቀን መዝገብ ቤት የሰጡኝ ናት» አሉ። «አርባ ዓመት የሰው ሆድ ሳጥብ ኖሬ የራሴን ሳላይ ልሙት? ልጄን ኮምፒዩተሯ ላይ ክፈቺልኝ አልኳት። ቀስ እያልኩ ወረድኩ፣ ቆሽት ጋ ስደርስ መስመርህን አየኋት። አሥራ አራት ይላል።»

ሲዲውን በእጄ አገላበጥኩ።

«ልጄ ደንግጣ፣ ይኼ ምንድን ነው አባዬ፣ ሄጄ ልጠይቅ አለች። እኔ ነኝ የከለከልኳት። እሱ ለክቶ ዝም ካለ ምንም አይደለም ማለት ነው አልኳት። ሰውየውን አታሳፍሪብኝ አልኳት።»

የእኔን ስም ላለማሳፈር ሰባት ወር ሕመማቸውን ችለው ቤታቸው ተቀምጠዋል። እኔም ያንኑ ስም ላለማሳፈር ነው እሳቸውን የሸጥኩት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይላሉ፤ እኔ የብብቴን ስጥል እያየሁ ነው የጣልኩት።

ሁሉንም ነገርኳቸው። የሰረዝኩትን ዓረፍተ ነገር፣ ዓርብ ያጠፋሁትን መስመር፣ ምሳ መብላቴንም ጭምር። ጣሪያውን እያዩ ሰሙኝ።

«ለምን ሰረዝከው?» አሉ በመጨረሻ።

«እንዳይስቁብኝ።»

«ለሳቅ ነው?» አሉ።

«ለሳቅ ነው ጋሼ።»

ይቅር ብዬሃለሁ ይሉኛል ብዬ ጠብቄ እንደነበር አልዋሽም፤ ሰው ምን ያህል ቢያጠፋ የይቅርታ ጉጉቱ አያፍርም። አላሉኝም። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ቆይተው፣ «የኩላሊት ጠጠሯ ቀን ለፕሮፌሰሩ ነግሬብህ ቢሆን ኖሮ ይሻልህ ነበር» አሉ። «ያኔ ትንሽ ቢሳቅብህ ትለምደው ነበር። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«እርስዎ አይደሉም» አልኳቸው።

«ልጄ ሌሊት ሌሊት ታለቅሳለች። እምቢ ብዬህ ሄጄ ብጠይቅ ኖሮ ትድን ነበር ትለኛለች። ራሷን ነው የምትበላው። እኔ ብነግራት አታምነኝም፣ ሊያጽናናኝ ነው ትላለች። አንተ ንገራት።» ከኮሪደሩ የነጠላ ጫማ ድምፅ ይሰማ ነበር። «እየመጣች ነው።»

ቴርሞሱን ይዛ ገባች። ከሁሉ በፊት ለእኔ ብርጭቆ አነሳች። ሻዩን ከመቅዳቷ በፊት ልናገር ብዬ ተነሳሁ፤ የእሷን ሻይ በእጄ ይዤ የምናገረው አልነበረም። ያየሁትን፣ የሰረዝኩትን፣ ማንም ሳያስገድደኝ እንዳጠፋሁት ነገርኳት። ብርጭቆውን በሁለት እጇ እንደያዘች ቀረች።

አልጮኸችም፣ አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ በወደድኩ ነበር። አባቷን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች።

«ያኔ መጥቼ ብጠይቅዎት ኖሮ» አለች፤ ቀስ ብላ፣ አንድ በአንድ፤ «መስመሯን አሳይቼዎት ይኼ ምንድን ነው ብልዎት ኖሮ፣ ይነግሩኝ ነበር?»

ለዚህ ጥያቄ ሁለት መልስ አለ። አንደኛው እኔን በጥቂቱም ቢሆን ሰው ያሰኘኛል፤ አዎ፣ ፊቴ ብትቆሚ ኖሮ እውነቱን እነግርሽ ነበር የሚለው። እሷ ግን ያን መልስ ይዛ ዕድሜዋን በሙሉ ታለቅሳለች። ሁለተኛው እውነተኛው ነው። ከመናገሬ በፊት ራሴን አየሁት፤ መነጽሬን ወደ ላይ ገፍቼ፣ ፈገግ ብዬ፣ ስክሪኑን በእስክሪብቶ እየነካሁ ሳስረዳት።

«አልነግርሽም ነበር» አልኳት። «አንጀት ነው እልሽ ነበር። አንቺም አመስግነሽኝ ትሄጂ ነበር።»

ብርጭቆውን ሳጥኑ ላይ አስቀመጠች። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና የአባቷን እግር በብርድ ልብሱ ላይ ያዘች። ትከሻዋ ቀስ ብሎ ወረደ። ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜም ቀና ብላ አላየችኝም፤ ትክክል ነበረች።

ጋሽ ጨለማ ሲዲውን አንስተው ሰጡኝ። «ለዚያች ለኮምፒዩተሯ ልጅም አሳያት» አሉ። «ደብዳቤውን ሳትጨርስ።»

በዋናው ደረጃ ወረድኩ። የኢንጂነሯ ቢሮ በሩ ገርበብ ብሏል፤ እሷ ጀርባዋን ሰጥታ ትጽፋለች። አንኳኳሁና ሲዲውን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩ። ምን እንደሆነ ሳልነግራት ከፈተችው፣ ጉበቱን አልፋ ቆሽቱ ጋ ደረሰች። መስመሩ እዚያው ነበር፤ ጫፉ ላይ ቀኑ፣ ሰዓቱና የእኔ መለያ ቁጥር። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አነበበች። ዞራ እስክታየኝ ድረስ ቆሜ ጠበቅኳት።